ቡና የሚፈላበት ጎጆ ሬንደር ሲያደርግ እንዳያድር፦ በሳይክልስ የግሎባል ኢሉሚኔሽን አኒሜሽን ማፍጠኛ መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ አኒሜሽን የሚሞክሩ ልጆች ደጋግመው የሚያመጡልኝ ፋይል አንድ ዓይነት ነው። አንድ ትንሽ መስኮት ያላት ጎጆ፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘ ወለል፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ ከማጨሻው የሚወጣ የዕጣን ጢስ፣ ከመስኮቱ የገባ የማለዳ ፀሐይ። አንዱ ፍሬም (አንዷ ቋሚ ምስል) ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ አኒሜሽኑ ግን ወይ አያልቅም፣ ወይ ሲያልቅ ግድግዳው እንደ ጉንዳን መንገድ ይርመሰመሳል። 8 ሰከንድ በ24 ፍሬም ሲባዛ 192 ፍሬም ነው፤ አንዱ 11 ደቂቃ ከፈጀ ጠቅላላው ከ35 ሰዓት ይበልጣል። መብራት ሳይቆራረጥ 35 ሰዓት ማግኘት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ነው።

የሚከተለው መመሪያ በብሌንደር 4.2 (የ3D አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) እና ብርሃኑን በሚያሰላው ክፍሉ በሳይክልስ ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው። ሬንደር ማድረግ ማለት ፕሮግራሙ ከትዕይንቱ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ሲያወጣ ነው፤ ግሎባል ኢሉሚኔሽን ደግሞ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየነጠረ የሚዳረሰው ብርሃን ነው። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ሰዎች ዘወትር የሚሳሳቱት ሳምፕል (ለእያንዳንዱ የምስል ነጥብ የሚላከውን የጨረር ብዛት) ከመቀነስ ስለሚጀምሩ ነው፤ ሳምፕል የሚነካው ከሌሎቹ ደረጃዎች በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጡና ሙከራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ያድርጉ።

2. ከአኒሜሽኑ ሦስት ፍሬም ይምረጡ፦ ጢሱ በጣም የወፈረበትን፣ ገጸ ባሕርይዋ ለካሜራው በጣም የቀረበችበትን፣ እንዲሁም እንቅስቃሴው በጣም የፈጠነበትን። ቀላሉን ፍሬም ለሙከራ መምረጥ ራስን ማታለል ነው።

3. ደብተር ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ሙከራ የቀየሩትን አንድ ነገርና የወሰደውን ጊዜ ይጻፉ። ሁለት ቅንብር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደረዳው፣ የትኛውም እንዳበላሸበት ሊያውቅ አይችልም።

4. ላፕቶፕ ከሆነ ከመብራት ጋር ያገናኙት፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ የለኩት ጊዜ ያሳስትዎታል። ከሥሩም አየር እንዲገባ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። ደሴ ላይ በብርዱ ምክንያት የማይታወቅ ችግር፣ ላፕቶፑ ሞቅ ወደምትለው ኮምቦልቻ ሲወርድ በሙቀት ይገለጣል፤ ግራፊክስ ካርዱ ሲግል ራሱን ያዘገያል።

ደረጃ 2፦ ጊዜው የት እንደሚያልቅ ይለኩ

ከሦስቱ ፍሬሞች አንዱን ሬንደር ያድርጉና ከምስሉ በላይ የሚታየውን ጽሑፍ በዓይንዎ ይከታተሉ። የመጀመሪያው ሳምፕል ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ጊዜ የዝግጅት ጊዜ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ዕቃዎቹን ይጭናል፣ ሰብዲቪዥኑን (ቅርጹን ለማለስለስ የሚከፋፈለውን ገጽ) ይዘረጋል፣ ጨረር የሚፈለግበትን መዋቅር ይገነባል። ከዚያ በኋላ ያለው የብርሃን ስሌቱ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ።

ዝግጅቱ ከጠቅላላው ሩቡን ያህል ከወሰደ፣ በፐርፎርማንስ ሥር «ፐርሲስተንት ዳታ» የሚለውን ያብሩ። ይህ ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን በማህደረ ትውስታ ስለሚያቆይ፣ ካሜራው ብቻ በሚንቀሳቀስበት ትዕይንት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ዋጋው ራም ነው፤ ካበሩት በኋላ ብሌንደር ራሱን ከዘጋ መልሰው ያጥፉትና የሰብዲቪዥን ደረጃውን በአንድ ይቀንሱ።

ቀጥሎ በቪው ሌየር ፓስ ዝርዝር ውስጥ ሳምፕል ካውንት የሚለውን የዲበግ ፓስ (ለምርመራ የሚወጣ ተጨማሪ ምስል) ያብሩና እንደገና ሬንደር ያድርጉ። ውጤቱ ብዙ ሳምፕል የበላውን የምስሉን ክፍል በብሩህ ቀለም ያሳያል። በጎጆ ትዕይንት ሦስት ቦታዎች እንደሚያበሩ ይጠብቁ፦ ከመስኮቱ የራቀው ጨለማ ማዕዘን፣ ቄጠማውና ጢሱ። እንግዲህ ሥራዎ እነዚህን ሦስቱን ማቅለል ነው።

ደረጃ 3፦ ግራፊክስ ካርዱ በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ

ቅንብሩ ሁለት ቦታ ስላለው ብዙዎች አንዱን ይረሳሉ። በፕሪፈረንስ ሲስተም ገጽ ላይ የካርድዎን ዓይነት ይምረጡ፤ ለኤንቪዲያ ኦፕቲክስ ወይም ኩዳ፣ ለኤኤምዲ ኤችአይፒ ነው። ከዚያም በራሱ በፋይሉ የሬንደር ቅንብር ውስጥ ዲቫይስ የሚለውን ከሲፒዩ (ከዋናው ፕሮሰሰር) ወደ ጂፒዩ (ወደ ግራፊክስ ካርዱ) ይለውጡ። የመጀመሪያውን ብቻ ያደረገ ሰው ኮምፒዩተሩ በሲፒዩ ሲንገታገት ያድራል።

የካርዱ ማህደረ ትውስታ እንደሞላ የሚገልጽ መልእክት ከመጣ፣ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ቴክስቸር (በዕቃዎቹ ላይ የሚለበጠው ምስል) ነው። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ተራ ባለ አራት ቻናል ምስል ሳይጨመቅ 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ ወደ 2048 ሲወርድ 16 ብቻ ይሆናል። ከጀበናው በስተቀር ለግድግዳውና ለጣሪያው ያን ያህል ዝርዝር አያስፈልግም። በሲምፕሊፋይ ሥር ያለውን የቴክስቸር ገደብ 2048 ያድርጉት፤ ገደቡ ግን የጀበናውንም ቴክስቸር ይነካል።

ደረጃ 4፦ ብርሃኑ የሚገባበትን መንገድ ይጥረጉ

የግሎባል ኢሉሚኔሽን ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታየው ብናኝ) የሚመጣው ከካሜራው የተነሳው ጨረር የብርሃኑን ምንጭ ፈልጎ ሲያጣ ነው። ጎጆ ውስጥ ሰማዩ ያለው በአንዲት ትንሽ መስኮት ጀርባ ስለሆነ አብዛኛው ጨረር ግድግዳ እየመታ ይቀራል። መፍትሔዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

1. በመስኮቱ ልክ የሆነ ኤርያ ላይት (ጠፍጣፋ ገጽ ያለው መብራት) በክፍተቱ ላይ ያስቀምጡ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ ውስጥ ያዙሩና «ፖርታል» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ፖርታል ራሱ አያበራም፤ ከሰማዩ የሚመጣው ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ ለሬንደሩ ይጠቁማል። በሩ ክፍት ከሆነ ለበሩም ሌላ ፖርታል ያድርጉለት።

2. ኖይዙ ካልቀነሰ የፖርታሉን ቀስት ይመልከቱ፤ ወደ ውጭ ዞሮ ይሆናል። ፖርታል የሚጠቅመው ከዎርልድ (ትዕይንቱን ከከበበው ሰማይ) ለሚመጣው ብርሃን እንጂ ለፀሐይ መብራቱ አለመሆኑንም ያስታውሱ።

3. ከመስኮቱ ውጭ ያለው በካሜራ የማይታይ ከሆነ፣ ሰማዩን ከነአካቴው ትተው በመስኮቱ ላይ እውነተኛ ኤርያ ላይት ያድርጉ፤ ቀለሙን በትንሹ ወደ ሰማያዊ ይውሰዱት። እኔ በአብዛኛው የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከፖርታልም ይፈጥናል፣ ለመቆጣጠርም ይመቻል።

4. መስኮቱ መስታወት ካለው መስታወቱን ያውጡት። ማንም አያየውም፤ ሬንደሩ ግን በእያንዳንዱ ጨረር ዋጋውን ይከፍላል።

5. በላይት ፓዝስ ሥር ሁለቱንም የኮስቲክስ (በመስታወት አልፎ ወይም ከሚያንጸባርቅ ነገር ነጥሮ የሚሰበሰብ ብርሃን) ምልክቶች ያጥፉ። ይህን ሲያደርጉ በረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠ ብርጭቆ ወይም ብርሌ ካለ ጥላው እንደ ሸክላ ይጠቁራል። ማስተካከያው በብርጭቆው ማቴሪያል ውስጥ ነው፦ የግላስ ሼደሩን ከትራንስፓረንት ጋር በሚክስ ሼደር ያዋህዱና የመቀላቀያውን መጠን ከላይት ፓዝ ኖድ «ኢዝ ሻዶው ሬይ» ጋር ያገናኙት።

ደረጃ 5፦ የግድግዳውን ቀለም አይተው ባውንሱን ይወስኑ

የባውንስ ቁጥርን፣ ማለትም ጨረሩ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር የሚወስነውን፣ ከሰው ፋይል መቅዳት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በግድግዳው ቀለም ላይ ይወሰናል። የጎጆዎ ግድግዳ በዓመታት ጢስ የጠቆረ ጭቃ ነው እንበልና ከሚያርፍበት ብርሃን 0.2 ያህሉን ብቻ የሚመልስ ይሁን። ከሦስት ንጥረት በኋላ የሚቀረው 0.008 ነው፣ ማለትም ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ቤት ዲፊውዝ ባውንስን (ከማያንጸባርቅ ገጽ የሚነጥረውን) ከነባሩ 4 ወደ 2 ቢያወርዱ ዓይን አያስተውለውም። ግድግዳው ኖራ የተቀባና 0.8 የሚመልስ ከሆነ ግን ከሦስት ንጥረት በኋላም ከግማሽ በላይ ይቀራል፤ እዚያ 2 ብለው ቢቆርጡ ክፍሉ እንደ ጓዳ ይጨልማል።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ትእዛዞች አሉ። አንደኛ፣ ማንኛውንም ነጭ ቀለም ከ0.8 በላይ አያድርጉ፤ 1.0 የሆነ ነጭ ብርሃን የማይሞትበት ግድግዳ ነው። ሁለተኛ፣ ዲፊውዝን በአንድ በአንድ እየቀነሱ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያነጻጽሩና ልዩነቱ መታየት በጀመረበት ቁጥር ላይ አንድ ጨምረው ይቁሙ። ግሎሲን (ከሚያንጸባርቅ ገጽ የሚነጥረውን) 2 ማድረግ ለሸክላና ለስኒ ይበቃል።

ላሊበላን የመሰለ ከአለት የተፈለፈለ ሥፍራ የሚሠሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመበት ዓይነት ጥልቅ ጉድጓድ ከላይ ክፍት ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ታች የሚደርሰው ብርሃን በአብዛኛው ከቀዩ አለት እየነጠረ የመጣ ነው፣ ቅላቱም በየንጥረቱ ይጨምራል። ዲፊውዝን 2 ካደረጉት የግርጌው ሙቀት ያለው ቀለም ጠፍቶ ግራጫ ጥላ ይቀራል። እዚያ 4 ይተዉት፤ ጊዜውን ከሌላ ቦታ ያስለቅቁ።

«ፋስት ጂአይ አፕሮክሲሜሽን» የሚለውስ? ከተወሰነ ባውንስ በኋላ ያለውን ብርሃን በግምት ይተካል፤ ለውጭ ትዕይንት ጥሩ ነው። ለዝግ ቤት ግን እኔ አልመክረውም። የርቀት መጠኑ ከቤቱ ስፋት ካነሰ ብርሃን ያለ ምክንያት ይሾልካል፣ ከበለጠ ደግሞ ማዕዘኑ ይጠቁራል። መጠቀም ግዴታ ከሆነብዎ ርቀቱን እየለወጡ ከሙሉው ስሌት ጋር ያነጻጽሩ።

ድንገት የሚያበሩ ነጭ ነጥቦች ከቀሩ፣ የኢንዳይሬክት ክላምፕን (የነጠረውን ብርሃን የድምቀት ጣሪያ) ከ10 ወደ 5፣ ካስፈለገም ወደ 3 ያውርዱ። ከዚያ በታች ከወረዱ የፍሙ ቅላት በጀበናው ሆድ ላይ የሚያሳርፈው ነጸብራቅ ይሞታል፤ የዚህ ትዕይንት ውበቱም ያው ነጸብራቅ ነው። የዳይሬክት ክላምፑን አይንኩት።

ደረጃ 6፦ ቄጠማውና ጢሱ

ቄጠማን ብዙ ሰው ግልጽ ጀርባ ባለው ምስል ይሠራዋል። በዚህ አሠራር አንድ ጨረር ተደራርቦ በተጎዘጎዘው ሣር ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱን ግልጽ ወረቀት እየበሳ ነው፤ ነባሩ የትራንስፓረንት ገደብ 8 ሲያልቅ ደግሞ በሣሩ መካከል ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ገደቡን መጨመር ነጠብጣቡን ያጠፋል፣ ጊዜውን ግን ያራዝማል። የተሻለው መንገድ አምስት ወይም ስድስት የቄጠማ ቅጠሎችን በእውነተኛ ቅርጽ፣ በጥቂት ፖሊጎን መሥራትና በኢንስታንስ መበተን ነው። ኢንስታንስ አንዱን ቅርጽ ስለሚጋራ ሺህ ቅጠል ቢበትኑም ማህደረ ትውስታው እምብዛም አይጨምርም። በመደበኛው ኮፒ የበተኑት ከሆነ ግን ይህ ጥቅም የለም።

ስለ ጢሱ ምክሬ አጭር ነው፦ ከጎጆው ጋር አብረው ሬንደር አያድርጉት። ለብቻው ጥቁር ጀርባ ላይ፣ በዝቅተኛ ጥራት ሬንደር ያድርጉና በኮምፖዚተር (ምስሎች በሚዋሃዱበት ክፍል) ይደርቡት፤ ጢስ ድሮም ጠርዝ የለውም፣ ማንም ልዩነቱን አይለይም። የማለዳው ጨረር ጢሱን ሰንጥቆ እንዲታይ ከፈለጉ ለዚያ አንድ ሾት ብቻ የቮልዩም ስቴፕ ሬቱን (በጢሱ ውስጥ ስሌቱ የሚራመድበትን እርምጃ) ወደ 2 ወይም 3 ከፍ ያድርጉ፤ ጢሱ የተቆራረጠ ንብርብር መስሎ ከታየ መልሰው ይቀንሱት።

ደረጃ 7፦ አሁን ሳምፕሉን ይንኩ

ኖይዝን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሳምፕል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የላይኛው ቁጥር በጣም ውድ ነው። ነባሩ ከፍተኛ ሳምፕል 4096፣ የኖይዝ ትሬሽሆልዱ (የሚፈቀደው የኖይዝ መጠን) 0.01 ነው። ለአኒሜሽን ትሬሽሆልዱን 0.03፣ ከፍተኛውን 512፣ ዝቅተኛውን 64 አድርገው ይጀምሩ። ዝቅተኛውን የማስቀምጠው ሬንደሩ ጨለማውን ማዕዘን ቸኩሎ «አልቋል» ብሎ እንዳይተወው ነው። ማዕዘኑ ላይ ጥቁርና ብሩህ ንጣፍ ተቀላቅሎ ካዩ ችግሩ ይህ ስለሆነ ዝቅተኛውን 128 ያድርጉት።

«ታይም ሊሚት» የሚለውን በአኒሜሽን አይጠቀሙ። ከባዱ ፍሬም ሳይበስል ተቆርጦ፣ ቀላሉ ከሚገባው በላይ ጠርቶ፣ በተከታታይ ሲታዩ ምስሉ የሚተነፍስ ይመስላል።

ደረጃ 8፦ ዲኖይዝ፣ እንዲሁም የሚርመሰመሰው ግድግዳ

ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝን (ኖይዙን የሚያጸዳውን) ያብሩ፣ ከፓሶቹ አልቤዶና ኖርማል (የገጹን ቀለምና አቅጣጫ) የሚለውን፣ ከፕሪፊልተር «አኪዩሬት» የሚለውን ይምረጡ፤ ካርድዎ የሚደግፈው ከሆነ በጂፒዩ እንዲሠራ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ነው ዋናው።

እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ 32 ሳምፕል ሰጥቼ ዲኖይዙ እንዳጸዳው አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዷ ምስል ከእንከን የጸዳች ነበረች። 192ቱ በአንድ ላይ ሲሮጡ ግን ከምሰሶው ጀርባ ያለው ጭቃ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይወዛወዝ ጀመር። ምክንያቱም ዲኖይዙ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይገምታል፤ ያለፈውን አያስታውስም። ስለዚህ፦

1. እንቅስቃሴው ከፈጠነበት ቦታ 12 ተከታታይ ፍሬም ሬንደር ያድርጉ፤ ግማሽ ሰከንድ ነው።

2. ሙሉ መጠኑን ጠብቀው እያዞሩ ያጫውቱት። ዓይንዎን ገጸ ባሕርይዋ ላይ ሳይሆን ከመስኮቱ የራቀው ጨለማ ላይ ያሳርፉ።

3. ግድግዳው ከተርመሰመሰ ትሬሽሆልዱን ወደ 0.02 ያውርዱና እንደገና 12ቱን ይሥሩ። ከዚህም በኋላ ከቀጠለ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ፤ ማዕዘኑ ብርሃን አጥሮታል ማለት ነው። በጣም ደካማ የሆነ፣ ጥላ የማያሳርፍ መብራት በማዕዘኑ ማስቀመጥ ሺህ ሳምፕል ከመጨመር ይሻላል።

4. የሲዱን (የኖይዙን አቀማመጥ የሚወስነውን ቁጥር) የሰዓት ምልክት ያብሩ። ካልበራ ኖይዙ በየፍሬሙ አንድ ቦታ ስለሚቆም፣ ካሜራው ሲንቀሳቀስ በቆሸሸ መስታወት ጀርባ የሚያዩ ይመስላል።

5. የመጨረሻ ማለሳለሻ ከፈለጉ በኮምፖዚተር ከዲኖይዙ ውጤት ላይ ከአምስት አንዱን ያህል ኖይዝ ካለው ምስል ይቀላቅሉ። ቀጭኗ የቀረችው ብናኝ መርመስመሱን ትሸፍናለች።

ደረጃ 9፦ ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ዳራውን አንድ ጊዜ ብቻ ይሥሩ

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይቆጥባል፤ መርመስመሱንም ከሥሩ ያጠፋል። የሚንቀሳቀሱትን ዕቃዎች ሁሉ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይዋን፣ ጀበናዋንና ስኒዎቹን በአንድ ኮሌክሽን ይሰብስቡ። እነሱን ደብቀው ዳራውን አንድ ፍሬም ብቻ በ2048 ሳምፕልና በ0.01 ትሬሽሆልድ ሬንደር ያድርጉ። ቀጥሎ የፊልም ጀርባውን ትራንስፓረንት ያድርጉ፤ ጥላ የሚያርፍባቸውን ወለልና ረከቦት «ሻዶው ካቸር»፣ የቀረውን ዳራ ደግሞ «ኢንዳይሬክት ኦንሊ» ያድርጉትና የሚንቀሳቀሱትን በሙሉ አኒሜሽኑ ሬንደር ያድርጉ። ኢንዳይሬክት ኦንሊ የተባለው ግድግዳ በምስሉ አይታይም፤ ወደ ገጸ ባሕርይዋ የሚመልሰው ብርሃን ግን ይቀጥላል። በመጨረሻም በአልፋ ኦቨር ይደርቧቸው።

ገጸ ባሕርይዋ ከወለሉ በላይ የተንሳፈፈች ከመሰለች አንዱን ጥላ ተቀባይ ዘልለዋል። የምድጃው ፍም የሚርገበገብ መብራት ካለው ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ብርሃኑ ሲለዋወጥ የቆመው ዳራ አብሮት አይለወጥም። ያኔ ወይ ፍሙ እንዳይርገበገብ ያድርጉ፣ ወይ እስከ ደረጃ 8 ባለው ይቆዩ።

ካሜራው የሚንቀሳቀስ ከሆነ የግድግዳውን ብርሃን ቤክ ማድረግ (አስቀድሞ አስልቶ በምስል ማስቀመጥ) ይቻላል፤ ያልተደራረበ ዩቪ (የገጹ ዝርግ ካርታ)፣ አዲስ ምስል፣ ከዚያም ዲፊውዝን ከለር ሳይጨምሩ ቤክ ማድረግ ነው። አክቲቭ ምስል እንዳልተገኘ የሚናገር ስሕተት ከመጣ በማቴሪያሉ ውስጥ የምስል ኖዱን አልመረጡትም ማለት ነው።

ደረጃ 10፦ ማውጣት

በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር አያድርጉ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው፤ ሙሉ ሌሊት ኤምፒ4 እያወጣሁ ሳለ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ የተረፈኝም የማይከፈት ፋይል ብቻ ነበር። በፒኤንጂ ወይም በኦፕን ኢኤክስአር በፍሬም በፍሬም ያውጡ፤ መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው አንድ ፍሬም ብቻ ይሆናል።

በአውትፑት ቅንብር «ኦቨርራይት» የሚለውን ያጥፉ፣ «ፕሌስሆልደርስ» የሚለውን ያብሩ። ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ የጋራ ፎልደር ካላቸው በዚህ ቅንብር ያንኑ ፋይል ከፍተው አብረው ቢጀምሩ አንዱ የያዘውን ሌላው ይዘላል። ኔትወርክ ከሌለ 1–96ን ለአንዱ፣ 97–192ን ለሌላው ሰጥተው በፍላሽ ይሰብስቡ፤ በሁለቱም ላይ የብሌንደሩ እትም አንድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ በ97ኛው ፍሬም ላይ የብርሃን ዝላይ ሊታይ ይችላል።

መብራት ተመልሶ ሥራውን ከመቀጠልዎ በፊት ፎልደሩን በፋይል መጠን ይደርድሩ። ፕሌስሆልደር ሲቋረጥ 0 ባይት የሆነ ባዶ ፋይል ትቶ ይሄዳል፤ ካልሰረዙት ብሌንደር የተሠራ መስሎት ያልፈዋል፣ በቪዲዮውም ላይ የጎደለ ፍሬም ይገኛል። ባዶዎቹንና ከጎረቤቶቻቸው በጣም ያነሱትን ይሰርዙ፣ ከዚያም ያንኑ የአኒሜሽን ሬንደር ትእዛዝ ከመጀመሪያው ፍሬም ይስጡ፤ ያለቁትን ዘልሎ የጎደሉትን ብቻ ይሞላል።